የአባ ሳቅ ሽጉጥ

ሽጉጡ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ባለቤቱ ካረፉ ወዲህ የቤቱ ሰው እንደ አራስ ይጠነቀቅለት ጀመር፤ በር ቀስ ተብሎ ይዘጋል፣ በዚያ በኩል ሲታለፍ ድምፅ ይቀነሳል። ነርሷ ልጃቸውማ አንድ ቀን ማስነጠስ ቢመጣባት አፍንጫዋን ይዛ ወደ ግቢ ሮጠች። ሐኪም ቤት ስንቱን ጉድ ያየች ሴት!

እናትየው ዝም ብለው ያያሉ። እትዬ መጋረጃ ነው የሚሏቸው፤ የሰፈሩን መስኮት ሁሉ ያለበሱት እሳቸው ናቸውና ትክክለኛ ስማቸውን የሚያስታውሰው መታወቂያቸው ብቻ ነው። ሽጉጡ ውስጥ ጥይት እንደሌለ ያውቃሉ። ያወጡት ራሳቸው ናቸዋ! ለምን እንዳወጡት ግን ለእህታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ባላቸው አባ ሳቅ ይባሉ ነበር፤ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ታመው ተኝተው እንኳ ሐኪሙን የሚያስቁ ሰው። ይህን ስማቸውን እትዬ መጋረጃ በገዛ አፋቸው ሊያበላሹት አይፈልጉም።

ነገሩ እንዲሁ ተዳፍኖ እንዳይቀር ያደረገው ወንዱ ልጃቸው ነው። ሰው ሁሉ ካሜራውን በኪሱ ይዞ ሲዞር ማን ፎቶ ቤት ይመጣል? ፎቶ ቤቱን ዘግቶ እናቱ ቤት ተመልሷል። እንደ አባቱ ያስቃል፣ እንደ አባቱ ያፏጫል፤ በቅርቡ ደግሞ እንደ አባቱ መብራት ሳያበራ መቀመጥ ጀመረ። ዓይኑም ቶሎ ቶሎ ወደ ካርቶኑ ይሄዳል። ይህን ያዩ ዕለት እትዬ መጋረጃ ሐሳባቸውን ቆረጡ። የሚገዛ ጥይት አይጠፋም፤ ሽጉጡ ከዚህ ቤት መውጣት አለበት። ልጆቻቸውንም ምን እናድርገው ብለው ጠየቁ።

"ወንዝ ውስጥ እንጣለው" አለች ነርሷ።

"ዓሣዎቹ ምን በደሉሽ?" አላት ወንድሟ።

"እሺ፣ ከቆሻሻው ጋር ይሂድ።"

"ጎሽ! ቆሻሻ ጫኚው ይታጠቅና ሰፈሩን ያስገብር።"

እትዬ መጋረጃ ሁለቱን እዚያው ሲነታረኩ ትተው ፖሊስ ጣቢያ ደወሉ። "አይንኩት፣ ይዘውትም እንዳይመጡ፤ እኛው እንመጣለን" አሏቸው። በማግስቱ ረፋድ ላይ አንዲት ሳጅን ከሰውነቷ የሚበልጥ ቦርሳ አንግታ መጣች። ሁሉንም ከኋላዋ አቁማ ካርቶኑን አወረደች፣ አፈሙዙን ወደ ወፍራሙ ግድግዳ አዙራ የጥይት ካርታውን አወጣች፣ ከላይ ስባ ውስጡን አየች፣ አሁንም ደግማ አየች።

"ባዶ ነው።"

"እፎይ!" አለች ነርሷ። "ስንት ቀን ሙሉ በእግሬ ጣት ስሄድ!"

"ፈቃዱ በሟች ስም ነው" አለች ሳጅኗ። "እንዲወገድ ነው የምትፈልጉት? ወይስ ወራሽ በሕጉ መሠረት ያመለክታል?"

"እኔ አመለክታለሁ" አለ ልጅየው።

"አንተ ደግሞ ምን ሊያደርግልህ?" ብላ እህቱ ዘላ መጣችበት።

"የአባቴ ማስታወሻ ነዋ።"

"ሰዓቱን ወስደህ የለም እንዴ?"

"ሰዓቱ ቆሟል።"

"ሽጉጡስ መቼ ሄዶ ያውቃል?"

ሳጅኗ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "ጥይቱስ የት ነው?" አለች። "ሽጉጡ የማንም ይሁን፣ ጥይቱን ዛሬ ይዤ ነው የምሄደው። ያረጀ ጥይት ቤት ውስጥ አይተውም፤ እሳት ሊያገኘው ይችላል፣ ልጅ ሊያነሳው ይችላል።"

ፍለጋ ተጀመረ። ነርሷ ፍራሽ ገለበጠች። ወንድሟ ስኳር ዕቃው ውስጥ ሳይቀር አየና "ጥይት የለም፤ ስኳርም አልቋል" ብሎ ሪፖርት አደረገ። እትዬ መጋረጃ ግን የትም አልፈለጉም። ዝም ቢሉ ጥይቱ ቤት ውስጥ ሊቀር ነው፤ ቢናገሩ "ለምን?" ሊባሉ ነው። በመጨረሻ ጣታቸውን ወደ ሳሎኑ መስኮት ቀሰሩ።

"እዚያ ነው።"

"የት? መስኮቱ ላይ?"

"መጋረጃው ውስጥ። ግርጌው ላይ፣ ጠርዙ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ።"

ልጅየው ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር። "ኧረ ጉድ! እማዬ፣ እኔ እኮ ይሄን መጋረጃ ምነው ንፋስ ፈራው እል ነበር! ለካ ታጥቋል!"

"ክብደት ፈልጌ ነው" አሉ እትዬ መጋረጃ ፊታቸውን ሳያነሱ። "ጨርቁ ስስ ነበር፣ ቀጥ ብሎ አልወርድ አለኝ።"

"ወይኔ እናቴ! በየዓመቱ እኔ አይደለሁ እንዴ የማጥበው?" ነርሷ በሳቅና በድንጋጤ መሃል ቀረች። "ካውያስ?"

"ጠርዙን ካውያ አስነክቼው አላውቅም። እኔ ሞኝ ነኝ?"

ይሳቁ፣ አሉ በሆዳቸው። እሳቸው ስስታም ቢባሉ ምን ይጎድልባቸዋል? የአባ ሳቅ ስም እንደሆነ ድኗል። ሳጅኗ ግን አልሳቀችም። መቀስ ተቀብላ ጠርዙን እየፈታች ጥይቱን አንድ በአንድ አወጣች፤ እያንዳንዱ ለብቻው በትንሽ ኪስ ገብቶ፣ ኪሱ በድርብ ክር ተዘግቶ ነበር። "ለክብደት ብለው ይሄን ሁሉ ስፌት?" ልትል አፏን ከፈተችና የእትዬ መጋረጃን ፊት አይታ መልሳ ዘጋችው። ጥይቱን ከሽጉጡ ለይታ በወፍራም ከረጢት አሰረች።

"እንግዲህ ተሟላ" አለ ልጅየው ዓይኑን እየጠራረገ። "ማመልከቻው ላይ የት ጋ ነው የምፈርመው?"

እትዬ መጋረጃ መሀል ገቡ። "አንተ፣ ና እስቲ" ብለው ክንዱን ይዘው ወደ ስፌት ክፍላቸው አስገቡትና በሩን ዘጉ።

"አባትህ ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱን የቀሙት ጊዜ ትዝ ይልሃል?"

"እንዴት ይረሳኛል! 'እስከዛሬ ነዳኋችሁ፣ አሁን ደግሞ እናንተ ንዱኝ' እያለ ሲያስቀን።"

"እናንተ ስትወጡ አይስቅም ነበር። ሽጉጡን ጭኑ ላይ አድርጎ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። 'ምን ሆነሃል?' ስለው 'ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ' ይለኛል። አንድ ቀን ገላውን ሲታጠብ ጥይቱን አወጣሁና ሰፋሁት።"

የልጅየው ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ። "አወቀ?"

"የዚያኑ ዕለት ነዋ። 'አንቺ ነሽ?' አለኝ። 'እኔ ነኝ' አልኩት። ሌላ ቃል አልተነፈሰም፤ እራቱን በላና ተኛ። እያደር ሳቁ ተመለሰለት። ግን እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን 'ደህና አይደለሁም' ብሎኝ አያውቅም። ስንት ዓመት ጎኑ ተኝቼ ብቻዬን ፈራሁ! እወደዋለሁ፤ በዚህ በዚህ ግን እስከዛሬ ድረስ ተቀይሜዋለሁ።"

ልጅየው አንድ ነገር ቀልዶ ሊያልፍ ከንፈሩን ፈልቀቅ አደረገ። እትዬ መጋረጃ ቀደሙት።

"ተው፣ ዛሬ አታስቀኝ። አንተስ? በሞቴ እውነቱን ንገረኝ፣ አንተስ ደህና ነህ?"

ልጅየው የስፌት መኪናውን መዘውር በጣቱ አዞረው፤ መርፌው ባዶውን ወጣ፣ ወረደ። ከሳሎን ነርሷ ሳጅኗን ሻይ ካልጠጣሽ እያለች ስትለምን ይሰማል።

"አይደለሁም" አለ ቀስ ብሎ። "ደህና አይደለሁም፣ እማዬ።"

"እሰይ!" አሉ እትዬ መጋረጃ። እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ፣ የምሥራች እንደነገራቸው ሁሉ ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን ሳሙት። "እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ የኔ ጌታ! ተናገርክልኝ!"

ያ ቀልደኛ አንገታቸው ሥር ተወሽቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲወጣለት ፊቱን በእጅጌው ጠራርጎ በሩን ገርበብ አድርጎ ከፈተው።

"ሳጅን፣ ይውሰዱት" አለ። "የማመለክተው ነገር የለኝም።"

እትዬ መጋረጃም ከጀርባው ሆነው ጮክ ብለው ነርሷን ተጣሩ። "አንቺ! ሻዩን ተይውና ነይ ግቢ፤ ወንድምሽ የሚነግርሽ ነገር አለ።"