ለነኦርፋ መንገድ የሚበቃ ጠጠር

ዴል ድንጋይ ከሰል ሲቆፍር የጉድጓዱ ጣሪያ ተደርምሶበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ሐኪም ቤቱ ለእናት ለአባቱ፣ ለኦርፋና ለሃርላን፣ አንድ ነገር ነገራቸው፦ አምቡላንስ ዝናብም ሆነ በረዶ ደጃፋችሁ መድረስ ከቻለ ልጃችሁን ውሰዱት፤ ካልሆነ ከተማ ያለው መጦሪያ ይገባል። ሰኞ መጥተን እናያለን።

እኛ አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ተራራ ሥር ነው የምንኖረው። ከአስፋልቱ እስከነሱ በረንዳ ያለው መንገድ በሚያዝያ ጭቃ ብቻ ነው። ሃርላን በእርምጃው ለካው። ርዝመቱ ሦስት መቶ ጫማ፣ ስፋቱ ዐሥር።

«አራት ጣት ውፍረት ካለበስነው ሦስት ቢያጆ፣ ሦስት ሙሉ ገልባጭ ጠጠር ይበቃል» አለ። «ሲጠቀጠቅ ይቀንሳል፤ አራት እንበል።»

ገልባጭ መኪና ያለው የኦርፋ የእህት ልጅ ክሊተስ ነው። መንገዱ ላይ፣ አንድ ምንጭ አጠገብ ወዳለው ረግረግ ወርዶ ዱላ ሰካበት። ዱላው እስከ እጁ ገባ።

«አክስቴ ኦርፋ፣ ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን ለደረቅ መሬት ነው። ይሄ ሆዱ አይታወቅም። ጭቃውን ቆፍረን ማውጣት፣ ምንጩንም በቱቦ ማዞር አለብን።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሳምንታት።»

«ሰኞ ነው የሚመጡት፣ ልጄ» አለች። «አምጣና ድፋው።»

አራቱ ቢያጆ ሐሙስ ተደፋ። እኔም ጎረቤት ነኝና አካፋ ይዤ ስበትን ዋልኩ። ማታ መንገዱ ነጭ ብሎ ሲታይ ኦርፋ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አድርጋ ወረደችበት። ሐኪም ቤት ላለው ልጇ ደውላ ስልኩን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ፣ «ዴል፣ ሲንኮሻኮሽ ይሰማሃል?» አለችው። ሳቁ ለኛም ተሰማን።

ዓርብ ሌሊት ዝናቡ ጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት ረግረጉ ላይ ጠጠር የሚባል አልነበረም። ክሊተስ ሌላ ቢያጆ ደፋ፤ ዋጠው። እሑድ ደግሞ ጨመረ። ሃርላን ዝናቡ ውስጥ ቆሞ በአፉ ይቆጥራል፣ ያባዛል፣ እንደገና ይጀምራል።

«በቃ አጎቴ፣ ግባ» አለው ክሊተስ። «ይሄ የስሌት ነገር አይደለም።»

ሰኞ ከሐኪም ቤቱ የመጣችው ነርስ መኪናዋ እዚያው ሰመጠ። ሴትየዋ ወርዳ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ ገባች። አልተቆጣችም። ኦርፋን እጇን ይዛ፣ «አዝናለሁ፣ እማማ» ብቻ አለች። መኪናዋን በክሊተስ ገልባጭ ጎትተን አወጣንላት።

ዴል በዚያው ሳምንት መጦሪያ ገባ። የመጀመሪያው እሑድ አብሬያቸው ሄድኩ። ከሽማግሌዎች መሀል ወጣቱ እሱ ብቻ ነበር። ሃርላን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «ሲደርቅ እንቆፍረዋለን። ሥሩ ትልልቅ ድንጋይ ከገባ፣ ከላይ ስድስት ቢያጆ...» ብሎ ጀመረ።

«አባዬ» አለው ዴል፣ «አልጋዬን ወደ ግድግዳው አዙርልኝ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ።»

ሃርላን ተነስቶ አዞረለት። መሬቱ በሰኔ ደረቀ፤ የቆፈረው ግን የለም።