ሞተር ሲሰደብ

ባለቤቱ አውሮፕላኑን ሲቆልፍ ያየ ሰው፣ የሚያሳድረው እስረኛ እንጂ አውሮፕላን አይመስለውም። ፕሮፔለሩ ላይ ወፍራም ሰንሰለት፣ ጎማው ላይ ቢጫ የብረት መቆለፊያ፣ በሩ ላይ ተጨማሪ ጓጉንቸር አለ። ባትሪውን ደግሞ በየማታው እያስፈታ በመኪናው ቤቱ ይወስደዋል። ቁልፎቹ በገመድ አንገቱ ላይ ናቸው። አውሮፕላኑ የሚያድርበት ሀንጋር ሰዎች “ካዝና” ይሉታል፤ እሱ በሌለበት ነው እንጂ።

ሌባ ፈርቶ አይደለም። አውሮፕላኑን የገዛው በባንክ ብድር ነው፤ መክፈል ካቆመ ከርሟል። ባንኩ ደግሞ ያልተከፈለባቸውን አውሮፕላኖች ካሉበት አብርረው የሚያመጡለት ሰዎች አሉት። ከነሱ አንዷ የካዝና ታናሽ እህት ናት።

ይህን ሥራ የሰጣት የለም፤ ለምና ነው የወሰደችው። አለቃዋ “ወንድምሽ አይደለም እንዴ?” ቢላት “ለሱ ብዬ እኮ ነው” አለችው።

ነገሩ የቆየ ነው። ድሮ አብረው ሲበሩ፣ መሪውን የያዘው እሱ ሆኖ፣ ሲያርፍ የፊት ጎማውን ሰበረ። መርማሪዎች መጡ። “አብራሪዋ እሷ ነበረች” አላቸው። ታላቅ ነው፣ አነጋገሩም ረጋ ያለ ነው፣ ታመነ። የእሷ የበረራ ፈቃድ ታገደ። እስኪመለስላት ድረስ የሰው አውሮፕላን ስታጥብ ኖረች። እሱ ደግሞ እናታቸው ቤት በመጣ ቁጥር ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ “አይዞሽ ሚጣ፣ ያጋጥማል” ይላት ነበር። ውሸቱን አንድ ቀን ይቅር ትለው ይሆናል። “አይዞሽ”ን ግን እስከ ዛሬ አልዋጠቻትም።

የፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ ወጥቷል። ችግሩ የትዕዛዙ አስፈጻሚ ነበር፤ ጡረታ የተቃረበ፣ ነገር የማይወድ ሰው።

“ትዕዛዙ ተረከቡ ነው የሚለው። ስበሩ አይልም” አላት መንገድ ላይ።

“ሰንሰለት መቁረጥ መስበር ነው?”

“መቁረጥማ ይብሳል።”

“ራሱ ቢከፍተውስ?”

“ራሱ ከከፈተው ምን ቸገረኝ። እረከባለሁ።”

ሀንጋሩ ሲደርሱ አስፈጻሚውን ደጅ በተደረደሩት የነዳጅ በርሜሎች ጥላ ውስጥ አስቀምጣው ብቻዋን ገባች። ወንድሟ ክንፉን በጨርቅ እየወለወለ ነው። ባትሪውን የሚፈታለት መካኒክ መሰላል ላይ ነው።

“ሚጣ! ምን እግር ጣለሽ?”

“ባንኩ ነው የላከኝ፣ ጋሼ።”

እጁ ወደ ቁልፎቹ ሄደ። “እንግዲያው በመጣሽበት ተመለሽ። እዚህ የሚከፈት ነገር የለም።”

“እንድትከፍት አልመጣሁም። ሞተሩ አልቆለታል፣ ለመውሰድ አትድከሙ ብዬ ልነግራቸው ነው። ጣጣው ላንተም ያልቅልሃል።”

ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን አጨፍግጎ “አዎ፣ ሞቷል” ብሎ በተገላገለ ነበር። መካኒኩ እንኳ ገብቶት ከመሰላሉ ላይ ጠቀሰው። “እውነቷን ነው ጌታዬ፣ አልቆለታል” አለ።

በነሱ ቤት ግን ሰው ቢሰደብ ይታለፋል፤ ሞተር ሲሰደብ አይታለፍም። አባታቸው “መኪናህ ያስላል” ያላቸውን የገዛ ወንድማቸውን፣ ወንድምየው እስኪሞት ድረስ አላናገሩትም። በለቅሶው ዕለትም “መቼ አሳለ?” ያሉ ብቸኛው ሐዘንተኛ እሳቸው ነበሩ።

“ማነው ያለቀለት?” አለ ካዝና ጨርቁን ጥሎ።

“ሰዎች ናቸው እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ። እንደ ወፍጮ ያንኳኳል ይላሉ።”

“የትኞቹ ሰዎች?”

“አባባ ቢሰሙት ያፍሩ ነበር ይላሉ።”

ካዝና ወደ መካኒኩ ዞረ። “ባትሪውን ከመኪናዬ አውጣ።”

“ጌታዬ...”

“አውጣ አልኩህ!”

“ተው ጋሼ፣ ምን ያደርግልሃል” አለች፣ ከልብ የመጣ በሚመስል ድምፅ። ይህን ባትለው ምናልባት ይተወው ነበር።

ሰንሰለቱን ፈታ። የጎማውን ብረት አነሣ። በሩን ከፈተ። አውሮፕላኑን ወደ ውጭ ሲገፉት እሷም አንድ ክንፍ ይዛ አገዘች፤ እንዲያውም ከሁለቱም በርትታ ገፋች። ባትሪው ገባ። ሞተሩ ገና ሲነካ ተነሣ፤ እንደ ጠገበ ንብ የሚያምር፣ ምንም እንከን የሌለው ድምፅ።

“ሰማሽ?” አለ በመስኮቱ።

“ከዚህ አይለይም፣ ልግባ።”

ቀኝ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጇን ወደ በርሜሎቹ ወዘወዘች። አስፈጻሚው ኮፍያውን በአንድ እጁ፣ ወረቀቱን በሌላው ይዞ፣ ፕሮፔለሩን በሩቁ ዞሮ መጣ።

“ተረክበናል! ይውረዱ!” ብሎ ጮኸ።

ካዝና ወረቀቱን አየ፤ እህቱን አየ፤ መሬት ላይ የተጋደመውን ሰንሰለት አየ። ሞተሩን ለማጥፋት እጁን ሲሰድ የእሷ እጅ ማጥፊያው ላይ ቀድሞ ደርሷል።

“ሚጣ፣ እኔ ወንድምሽ አይደለሁም?”

“ነህ እንጂ። ባትሆን እንዲህ አላውቅህም።”

“እናታችንን ምን ልላት ነው?”

“ያኔ ለመርማሪዎቹ ያልከውን። አብራሪዋ እሷ ነበረች በላት።”

ወረደ። መካኒኩ መሰላሉን አጣጥፎ ሌላ ሥራ እንዳለው ሰው ወደ ውስጥ ገባ።

ወደ ግራው ወንበር ተሻገረች። ካዝና ረጅም ነውና ወንበሩ ወደ ኋላ ተለጥጧል፤ እግሯ ፔዳሉ ጋ አይደርስም። ታግላ ወደ ፊት ሳበችውና በቦታው ቀጭ አደረገችው። ቂም ሲወጣ ሰው ባዶነት ይሰማዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። እነሱ ሳይቀናቸው የቀሩት ይሆናሉ። እሷ የተሰማት ደስታ ነው፤ ከጉልበቷ ጀምሮ እስከ ጆሮዋ ድረስ።

በሬዲዮ የመነሻ ፈቃድ ጠይቃ ተነሣች። መንገዷ ወደ ሰሜን ነበር፤ መዞር አላስፈለጋትም። ግን ዞረች። ዝቅ ብላ ሜዳውን አንድ ጊዜ፣ ደግማም ሌላ ጊዜ ዞረችው፤ ሲያያት ልታየው። አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ቆሟል። ነዳጁ አላሳሰባትም። ትናንት እስከ አፉ የሞላው እሱ ነው።