የመቀሱ ምት

የጭንቀት መድኃኒቱን ከጀመረች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ጭንቀቱ ንቅንቅ አላለም፤ መድኃኒቱ ጭራሽ ንዴት የሚባል እንግዳ ይዞባት መጣ። የዝንብ ድምፅ እንኳ ደሟን ያፈላዋል።

በጠባቧ የልብስ ስፌት ቤት አባቷ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች። ከመቁረጡ በፊት ጠረጴዛውን በመቀሱ ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግ የአርባ ዓመት ልማዱ ነው። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ምት አናቷ ላይ አረፈ።

«አባዬ፣ ተወው በቃ!»

«ጠረጴዛውን እኮ ነው የመታሁት እመቤቴ፣ አንቺን አልነካሁም» ብሎ ሳቀና ደገመው።

ያኔ ከአፏ አመለጣት። «መምታቱን ትተህ አስተካክለህ ብትቆርጥስ! እጅህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ያጣመምከውን ሁሉ አንተ ስትወጣ ጠብቄ የማቃናው እኔ ነኝ!»

አባቷ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለው።

ደጅ ወጥታ ሐኪሟ ጋ ደወለች። «በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ ሊያደርግ ይችላል» አለቻት ሐኪሟ። «በራስሽ እንዳታቋርጪው፤ ነገ ጠዋት ነይና እንየው።»

ተመለሰች። «አባዬ፣ መድኃኒቱ ነው እንዲህ ያናገረኝ።»

«እሺ፣ ያናደደሽ እሱ ይሁን። ስለ እጄ ያልሽውስ ውሸት ነው?»

«አዎ» ለማለት አፏን ከፈተች። የስፌት መኪናዋ ላይ ጠዋት የቆረጠው ሱሪ ተዘርግቷል፤ አንዱ እግር ከሌላው በሁለት ጣት ያጥራል። አባቷም እያየው ነበር።

መቀሱን አነሳና፣ ጠረጴዛውን ሳይመታ፣ አቀበላት።