ሦስቴ የተጎተተ ማጠፊያ

ማጠፊያ የሚንቅ ሰው ያናድደኛል። የቤት በር ማጠፊያው ቢወልቅ በሩ ይዘማል፣ ባለቤቱ ይራገማል፣ ነገ ያሠራዋል። አየር ላይ ያለ አውሮፕላን ግን ነገ የለውም፣ ሞዴልም ቢሆን። ክንፉ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሜትር የሚሆን፣ አምስት ኪሎ የሚመዝን እንጨትና ሞተር ከሰማይ ሲወርድ «እኔ እኮ መጫወቻ ነኝ» ብሎ አይራራም፤ ያገኘውን አናት ይፈረክሳል።

እሁድ እሁድ ሞዴሎቻችንን ከመሬት ሆነን በሪሞት የምናበርበት ሜዳ ላይ ደንብ ያወጣነውም ለዚሁ ነው። በአውሮፕላኑ ክንፍና ጅራት ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ የሚመራውን ክፍል እኛ ቅጠል እንለዋለን። ከሦስት ዓመት በፊት የአንዱ ሰውዬ የጅራት ቅጠል አየር ላይ ተነቀለና አውሮፕላኑ ሕፃን ከተኛበት ጋሪ ሁለት እርምጃ ርቆ መሬት ላይ ተተከለ። የሕፃኑ እናት የተናገረችንን እዚህ አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ ማንም የገዛ አውሮፕላኑን ራሱ ፈትሾ አያስነሳም። ሌላ ሰው እያንዳንዱን ቅጠል ይጎትታል፣ ማጠፊያዎቹ ከያዙ «ይነሳ» ይላል። ያ ሌላ ሰው እኔ ነበርኩ። ወድጄው ብቻ አይደለም፤ የቀሩት ሲጎትቱ የተኛ ድመት ጅራት የሚነኩ ይመስሉ ነበር። ስሜም በዚያው ጋሽ ጎታች ሆኖ ቀረ፣ እኔም አልጠላሁትም።

እጄን የሚያምኑት በከንቱ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው በሚሳፈርባቸው በትልልቆቹ አውሮፕላኖች ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። የወጣሁት ግን በክብር አይደለም። አንድ ማለዳ የአንዱ አውሮፕላን ጅራት ማጠፊያ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁና አልፈርምም አልኩ። አለቃ መጣ። ተሳፋሪው ተሰልፏል። ስንጥቁን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ በሁለት የሥራ ጓደኞቼ ፊት «በመፍቻህ የሰነጠቅከው አንተ ነህ» አለኝ። ማጠፊያው ተቀየረ፣ መዘግየቱም ጥፋቱም በእኔ ስም ተጻፈ። ሁለቱ ጓደኞቼ፣ ቀለም ቀቢውና ረጅሙ፣ መሬት መሬቱን አዩ። እኔን ዕቃ ግምጃ ቤት ወርውረው ብሎን ያስቆጥሩኝ ጀመር፤ ዓመት ሳይሞላ በገዛ እጄ ለቀቅኩ። ይሄ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በየቀኑ አስበዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ጥርሴን ስፋቅ እንኳን አስበዋለሁ።

እንግዲህ ይኸው አለቃ ነው ባለፈው ወር አንድ እሁድ ጠዋት ሜዳችን ላይ ከመኪናው የወረደው። ጡረታ ወጥቷል፤ ሐኪሙ ክፍት አየር ይሻልሃል ብሎታል። ሲያየኝ «አንተ! እዚህ ነህ እንዴ?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ አብረን ሰርግ የበላን እንጂ ስሜን ያቆሸሸ ሰው አይመስልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ይባስ ብሎ አፌ ከድሮ ልማዱ አልወጣ ብሎ «እንደምን ነዎት» አልኩት፤ እሱ አንተ ሲለኝ እኔ አንቱ።

አውሮፕላኑ ቀይና ነጭ ነው፤ ውበቱን አልክድም። ከካርቶን ወጥቶ፣ ክንፉ በብሎን ታስሮ የሚበር፣ ማጠፊያዎቹ ፋብሪካ ውስጥ የተጣበቁ ዓይነት። እንዲህ ያሉትን አውቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ ማጠፊያቸው የማጣበቂያ ሽታ ብቻ ደርሶት የገባ ነው፣ ትንሽ ሲነኩት ይወጣል። ልቤ ውስጥ የነበረውን አልደብቅም፦ እንዲወጣ ፈልጌ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት እጄ ላይ እንዲቀር።

ደንቡ አንድ ጊዜ ነው። ግማሽ ባልዲ ውሃ የምታነሳበትን ያህል፣ ቀጥ አድርገህ። የቀኝ ክንፉን ቅጠል ጎተትኩ፣ ያዘ። የግራውን ጎተትኩ፣ ያዘ። የቆመውን የጅራት ቅጠል ጎተትኩ፣ እሱም ያዘ። የቀረው አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው የጅራቱ አግድም ቅጠል ነበር፣ በሦስት ማጠፊያ የተያዘ። ጎተትኩት። ያዘ።

እዚህ ላይ «ይነሳ» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አለቃ አጠገቤ እንደቆመ ክንዱን አንስቶ ሰዓቱን አየ። እንደዚያ ማለዳ። ሁለተኛ ጎተትኩ፣ ያዘ። ሦስተኛውን ቀጥ አድርጌ አልጎተትኩም፤ ወደ ጎን ጠምዝዤ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ነው የጎተትኩት። ቀጭ አለ። የዳሩ ማጠፊያ እጄ ላይ ቀረ።

ሳላየው በአውራ ጣቴ ዳሰስኩትና ገባኝ። ማጣበቂያው ያልያዘ ማጠፊያ ሲወጣ ንጹህ ሆኖ ነው። ይሄ ግን የጣት ጥፍር የምታህል እንጨት ገንጥሎ ይዞ ነው የመጣው። እንጨቱ ተቀደደ እንጂ ማጣበቂያው አልለቀቀም። ደህና ማጠፊያ ነበር። ማንም ሳያየው ኪሴ ከተትኩት።

ሰዉ ተንጫጫ። ዳቦ ጋጋሪው፣ ከሁላችን በላይ የሚያወራው እሱ ነው፣ ጋሽ ጎታች ባይኖር ዛሬ አንዱ ሰው ሬሳ ነበር አለ። አለቃ ግን ጎንበስ ብሎ የተቀደደውን ጅራት አየ። ዕድሜውን ሙሉ ቢሮ የኖረ ሰው ነው፣ ምን እንደሚያይ አያውቅም። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። «ያን ጊዜም ያየኸውን ነው የተናገርከው። በደልኩህ።»

ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ይሄ ነው። በሕልሜ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በዚያ ላይ ሌላ ጨመረበት፦ በሚመጣው እሁድ ቀለም ቀቢውንና ረጅሙን ይዟቸው ሊመጣ፣ በእነሱ ፊት የሰደበኝን በእነሱ ፊት ሊመልሰው። አውሮፕላኑንም ካንተ እጅ ሌላ እንዳይነካው ብሎ ለጥገና ሰጠኝ። እኔ ምን አልኩ? እሺ። አንገቴን ነቀነቅኩ።

ቤቴ ውስጥ የመሥሪያ ጠረጴዛዬን ከልጄ ጋር ነው የምጋራው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች፣ ከሥራ ስትመለስ ከማዶ ተቀምጣ የራሷን አውሮፕላን ትገጣጥማለች። ማጠፊያ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ አሁን ግን እጇ ከእጄ ይበልጣል። ሰኞ ከሰዓት እሷ ሳትመጣ ሥራውን ጀመርኩ። የተቀደደውን ቦታ በአራት ማዕዘን ቆርጬ አወጣሁ፣ በልኩ ባልሳ ከሚሉት ቀላል እንጨት አዲስ ገጠምኩበት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩት። ከዚያ ማጠፊያ መምረጥ ነው። ሦስት ዓይነት አለኝ። አንዱ እንደ ጨርቅ ስስ ነው፣ ቀጭን ማጣበቂያ ጠብ ሲደረግበት ጠጥቶ ይደርቃል፤ ለትንንሾቹ እንጂ ለአምስት ኪሎ አላምነውም። አንዱ እንደ እርሳስ ድቡልቡል ሆኖ መሀሉ ላይ ይታጠፋል፤ ወፍራም እንጨት ይፈልጋል፣ የአለቃ ጅራት ደግሞ ስስ ነው። ሦስተኛው የበር ማጠፊያ ታናሽ ወንድም ነው፦ ሁለት የፕላስቲክ ምላስ፣ መሀላቸው ሽቦ። እሱን አነሳሁ።

ልሙጥ ፕላስቲክ ማጣበቂያ ስለማይወድ ምላሶቹን ሻከር አደረግኳቸው። የጠርዙን መሀል በእርሳስ አሰመርኩ፣ በምላጭ ጫፍ ቀስ እያልኩ ስንጥቅ ከፈትኩ። አዲሱ ማጠፊያ ከቀሩት ሁለቱ ጋር በአንድ መስመር ካልተኛ ቅጠሉ መታጠፍ ይከብደዋል፣ የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ሞተር ይለፋል። ሦስት ጊዜ ያለ ማጣበቂያ ገጥሜ አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት። ከዚያ የሚታጠፈው ቦታ ላይ በስንጥር ጫፍ ቫዝሊን ቀባሁ፣ ማጣበቂያ ገብቶ እንዳያደርቀው። ቫዝሊኑ አልፎ ምላሱን ከነካ ደግሞ ጉድ ነው፣ ምንም አይዝም። ስንጥሩ አመለጠኝና ነካው። ጠርጌ፣ አጥቤ፣ አድርቄ እንደገና። ሁለተኛም ነካው። ስንጥሩን ወርውሬ ተነሳሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ ማጠፊያ መግጠምም አይሆንም።

ልጄ ስትገባ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። ኪሴን ሳራግፍ ጠረጴዛው ላይ የጣልኩትን የተነቀለ ማጠፊያ አንስታ መብራቱ ስር አገላበጠችው።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ይዞ ነበር።»

ጥርስሽን ሥሪ አልኳት። ምን አገባሽ አልኳት። ከዚያ በላይም አልኩ፣ የማይባል ነገር። አላኮረፈችም፤ ስንት ጊዜ ጎተትከው ብላ ብቻ ጠየቀች። ሦስቴ አልኩ። እሁድ ሰዎቹ ሲመጡ ምን ልትል ነው አለች። ይሄኔ ጮህኩባት። ያን ጊዜ እውነቱ የእኔ ነበር፣ ማንም አልሰማኝም፤ እውነት በውሸት በር ብትገባ ምን አለበት፣ ዋናው መግባቷ አይደለም ወይ ብዬ ጮህኩ። ቫዝሊኑን ወደ ራሷ ሳበች፣ ማጠፊያውን ቀባች፣ አንዴ ብቻ፣ ምላሱን ሳትነካ፣ እና ፊቴ አስቀመጠችው። ማጣበቂያውን ስንጥቁ ውስጥ አግብቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እስከ እሁድ ድረስ ጨውና ውሃ አቀብለኝ ከመባባል በቀር አልተነጋገርንም።

እሁድ አለቃ እንደ ቃሉ ሁለቱን ይዞ መጣ። ቀለም ቀቢው ፀጉሩ አልቋል፣ ረጅሙም ጎብጦ ረጅምነቱ ቀርቷል። አውሮፕላኑን የጠገንኩት እኔ ስለሆንኩ መጎተት አልችልም፣ ልጄ ጎተተች። እያንዳንዱን አንዴ፣ ቀጥ አድርጋ። ሁሉም ያዘ። «ይነሳ» አለች፣ እኔን ሳታየኝ።

አለቃ ግን ከመነሳቱ በፊት ንግግር ነበረው። ሰዉን ሰበሰበ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ ነገሩን አሳመረው፤ ማጠፊያው ገና ሲነካ እንደወለቀ፣ እሱ ራሱ ያን ጊዜ እንዴት በችኮላ እንደፈረደ። ይቅርታውን እንደ አዲስ ልብስ ለብሶት ነበር፣ እየተዘዋወረ የሚያሳይ ይመስላል። ዝም እላለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ያልጠበቅኩት ቀለም ቀቢውን ነው። መጥቶ ክርኔን ያዘኝ።

«ያን ቀን አይቼው ነበር» አለኝ በዝግታ። «ስንጥቁ የቆየ ነበር። ፈራሁና ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ።»

ዝም በማለቱ ይቅርታ የሚጠይቀኝ ሰው ፊት ዝም ብዬ መቆም አቃተኝ። ብችል ኖሮ ደስ ባለኝ።

«ማጠፊያው ደህና ነበር» አልኩ። አለቃ ያልሰማ መስሎኝ ደገምኩት። «ያንተ… የእርስዎ ማጠፊያ። ይዞ ነበር። ሦስቴ ጎትቼ፣ ጠምዝዤ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ስለምጠላዎት።»

አለቃ ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም፤ እንደሚያስብ ሰው አገጩን ያዘ።

«ያን ጊዜስ?» አለ።

«ያን ጊዜ የተሰነጠቀ ነበር። እጄ አልነካውም።»

«እሺ፣ የትኛውን ልመን?»

ሊያዋርደኝ አይደለም የጠየቀው። በእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ማስረጃ ብቻ ነበረኝ፤ እጄ ደህና ነገር አይሰብርም የሚል። ቀለም ቀቢው ክርኔን ለቀቀ። ስንጥቁ የቆየ ነበር ብሎ አልደገመም፤ ምናልባት እሱም መጠራጠር ጀምሮ ይሆናል። ረጅሙ እንደዚያ ቀን መሬቱን አየ።

አለቃ አውሮፕላኑን አስነሳ። በደንብ በረረ። ሲጠልቅም ሲወጣም የጠገንኩት ማጠፊያ ያዘ፣ እኔም ከታች ቆሜ፣ ያን ያህል ክፉ አይደለሁምና፣ በደንብ እንዲያርፍለት ተመኘሁ። አረፈ። ካርቶኑ ውስጥ ከተተው፣ ልጄን አመሰገነ፣ ሁለቱን ሰዎች መኪናው ውስጥ አስገብቶ ሄደ።

ቀጥሎ የዳቦ ጋጋሪው ተራ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አውሮፕላኑን አምጥቶ ሳይጠየቅ ክንዴ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። መጣ፣ ፊቴ ቆመ፣ እጄን አየ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ይረፉ» አለና ለልጄ ሰጣት።

ልጄ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች። ምን ልበላት? ጎትቺ አልኳት። ጎተተች፣ አንዴ፣ ቀጥ አድርጋ። ከኋላው ተሰልፈው የነበሩትም አንድ በአንድ ወደ እሷ ዞሩ። ዳቦ ጋጋሪውን ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አውሮፕላኑ የእኔ ቢሆን እኔም ለእሷ ነበር የምሰጠው፤ ከሁሉም ያናደደኝ ይሄ ነው።