የእትዬ ተሾመች ሰርቨር

«ኸይሪያ፣ እስኪ ነይልኝ። መጽሐፎቼ የት ገቡ?»

እትዬ ተሾመች ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ኸይሪያ ግን ከአዳራሹ ሌላ ጫፍ ወደ እሳቸው ስትሮጥ እግሯ ከወንበር ጋር ተጋጨ። ስክሪኑ ላይ ነጭ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየሞላ ነበር፤ ስልሳ ሁለት በመቶ ይላል።

«የትኞቹ መጻሕፍት፣ እትዬ?»

«የጻፍኳቸው ናቸዋ! ዝርዝሩ እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ነበረ። ሺህ አራት መቶ መጽሐፍ፣ ከነደራሲው፣ ከነመደርደሪያ ቁጥሩ። ከመስከረም ጀምሮ ስጽፈው የከረምኩት።»

«ፍላሽ ላይ ገልብጠውታል?»

«የምን ፍላሽ?»

ኸይሪያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት አነሳች። ለጀማሪዎች ብላ ራሷ በአማርኛ ያዘጋጀችው፣ ሃያ ሁለት ተራ ያለው መመሪያ ነው። ተራ አራት ላይ «ዲስኩን አጥፋ የሚለውን መርጠው ኢንተር ይጫኑ» ይላል። ከዚያ በፊት ያለውን ሥራ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ የሚል ቃል የትም የለም። ሦስት ጊዜ ደጋግማ አንብባው አልታያትም ነበር። እትዬ ተሾመች የተባሉትን ነው ያደረጉት፤ አንድ ፊደል እንኳ አላጎደሉም።

ጊዜው ጥር 2008 ነው። ከከፋ ዞን ስድስት ትምህርት ቤቶች የተላኩ ስድስት ሰዎች ለሁለት ቀን ሥልጠና ቦንጋ ተሰብስበዋል። እያንዳንዳቸው የትምህርት ቤታቸውን አሮጌ ኮምፒውተር ይዘው መጥተዋል። የሚጭኑት የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ማንም ሰው በነፃ ወስዶ የሚጠቀምበት፣ ካስፈለገም የሚያሻሽለው ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አንዱ ኮምፒውተር ሰርቨር ሆኖ መረጃውን ለሌሎቹ በገመድ ያድላል። አሠልጣኛቸው ኸይሪያ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ቦንጋ ውስጥ ኮምፒውተር ማስተማር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ሥልጠናው የእሷ ሐሳብ፣ መመሪያውም የእሷ እጅ ሥራ ነው።

እትዬ ተሾመች ደግሞ ከደካ ነው የመጡት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሲያውሱና ሲያስመልሱ የኖሩ ሴት ናቸው። ኮምፒውተሩን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ይጫን ቢሏቸው አሻፈረኝ ብለው፣ በጋቢ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገው ነው ቦንጋ የገቡት።

«ጠፍቷል፣ እትዬ» አለች ኸይሪያ። ሁሉም እንዲሰማ ዞረች። «ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ የኔ ነው። መመሪያው ላይ መጻፍ የነበረብኝን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ።»

እትዬ ተሾመች እጆቻቸውን ከኪቦርዱ አንስተው ጣቶቻቸውን አዩ።

«በነዚህ በሁለቱ ነው የጻፍኩት» አሉ። ቀጥለውም፣ «መዝገቡ ግን ደካ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። በእጅ የተጻፈው።»

ኸይሪያ ጠመኔ አንስታ ወደ ሰሌዳው ሄደች። «ሁላችሁም እስክሪብቶ ያዙ። በሦስትና በአራት መካከል ይህን ጻፉ» አለችና በትልልቁ ጻፈች፦ መጀመሪያ ያለዎትን ሥራ ሁሉ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ።

ከዋጫ የመጣው መምህር ደጉ ተራ ሦስትን ጨርሶ ጣቱን ኢንተሩ ላይ አሳርፎ ነበር። እጁን ቀስ ብሎ አነሳ።

«የአራት ዓመት የፈተና ጥያቄ አለኝ እኮ እዚህ ላይ» አለ። «እትዬ ተሾመች፣ እርስዎ ባይቀድሙኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።»

«እንግዲያውስ ምሳ ትጋብዘኛለህ» አሉት፤ አዳራሹ ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ የሥልጠናው አስተባባሪ ጋሽ ከፈለኝ ገቡ። ነገ ጠዋት ሥልጠናውን የሚያዩ እንግዶች ከሐዋሳ ይመጣሉ። የሆነውን ሲሰሙ ኸይሪያን ወደ በሩ ጠሯት።

«አንቺ ስትጭኚው ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል? ስድስቱንም?»

«ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።»

«በቃ፣ እነሱ ሻይ ይጠጡ፤ አንቺ ጫኚው። ለነገ የሚሠራ ነገር ነው የምንፈልገው። ሰዎቹን ምን አስጨነቃቸው?»

ኸይሪያ ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን ኖሮ ትከራከራቸው ነበር። አሁን ግን በራሷ መመሪያ የአራት ወር ሥራ አጥፍታለች። ወደ እትዬ ተሾመች ጠረጴዛ ተመልሳ፣ «እትዬ፣ ትንሽ ይረፉ፤ እኔ ልቀጥልልዎት» አለችና እጇን ወደ ኪቦርዱ ዘረጋች።

እትዬ ተሾመች ከወንበሩ ንቅንቅ አላሉም።

«ክረምት ሲገባ ወደ ደካ መኪና የማይገባበት ሳምንት አለ» አሉ። «ያኔ ቢበላሽ አንቺን ከየት አመጣሻለሁ? ይልቅ ቁሚና እዪኝ።»

ኸይሪያ እጇን መለሰች። ከዚያም ሳታስበው እንዳትነካ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ያዘች። ጋሽ ከፈለኝ ሰዓታቸውን አይተው ወጡ።

እስከ ምሳ ድረስ ተራ ዘጠኝ ላይ ደረሱ። ከምሳ በኋላ ተራ አሥራ ስድስት ላይ የእትዬ ተሾመች ማሽን እምቢ አለ። ቀይ ጽሑፍ አወጣ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ቀይ።

«ምን አድርጌው ነው?»

«እሱ ራሱ ይነግርዎታል። ያንብቡልኝ።»

የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ ቆጠሩ። ስህተቱ የማሽኑ አድራሻ ላይ መሆኑ ገባቸው። አድራሻው በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ነው። ኸይሪያ ስህተቱን ከሩቅ አይታዋለች፤ ምላሷን ነክሳ ቆመች። እትዬ ተሾመች መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ ሊያስነኩ ምንም አልቀራቸውም።

«ይቺ ነጥብ ጭራ አላት» አሉ።

«ምን ማለት ነው?»

«ኮማ ናት! ነጥብ ብዬ ኮማ ነው የጻፍኩት!» አጠፏትና ነጥቧን አስገቡ። ቀዩ ጽሑፍ አልተመለሰም።

አሥር ሰዓት ላይ ደጉ ኮምፒውተሩን ከእሳቸው ኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኘና የእሳቸውን አድራሻ ጻፈ። ስክሪኑ ላይ ነጭ ገጽ ተከፈተ፤ ከላይ በአማርኛ «የደካ ቤተ መጻሕፍት» ይላል። እትዬ ተሾመች በሁለት ጣታቸው የመጀመሪያውን መጽሐፍ መዘገቡ፤ የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ሰባት ቅጂ። ደጉ በእሱ ኮምፒውተር ባዮሎጂ ብሎ ፈለገ።

«ሰባት ቅጂ!» ብሎ ጮኸ።

ሌሎቹ ሥራቸውን ጥለው መጥተው ከበቧቸው። ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ መልሱ ከየት እንደመጣ አልገባትም። «እዚህ ኢንተርኔት የለ!»

«ከኔ ነዋ!» አሉ እትዬ ተሾመች ኮምፒውተራቸውን በመዳፋቸው እየመቱ። «ከዚህ ነው የሚሄደው። እኔ ነኝ የጫንኩት።»

ኸይሪያ በኮሌጅ ተመርቃ ስትወጣ እንኳ ደረቷ እንዲህ አልሞላም ነበር። እንባዋ እንዳይታይባት ኬብል የምትሰበስብ መስላ አጎነበሰች።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ጋሽ ከፈለኝ ተመልሰው መጡ። ስድስቱንም ማሽኖች ዞረው አዩ፤ እትዬ ተሾመችን ሁለት ጊዜ ባዮሎጂን እንዲፈልጉ አደረጓቸው። ፊታቸው ፈካ። ከዚያ አንድ ቅጽ ለኸይሪያ ሰጧት። የትምህርት ቤቱ ስም፣ የኃላፊው ስም፣ በስተመጨረሻ የይለፍ ቃል የሚሞላበት ዓምድ አለው።

«የስድስቱንም ሞልተሽ ስጪኝ። አንድ ቅጂ እኔ ጋ፣ አንድ አንቺ ጋ ይቀመጣል። ቢበላሽ እንኳ ከእጃችን አይወጣም።»

መሙላቱ ቀላል ነበር። ለሁሉም የሰጠቻቸው ጊዜያዊ የይለፍ ቃል አንድ ዓይነት ነው። ከዛሬው ስህተት በኋላ ደግሞ የስድስቱ መክፈቻ እጇ ላይ መሆኑ ልቧን ያሳርፈው ነበር። እትዬ ተሾመችን አየቻቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሁለተኛውን መጽሐፍ እየመዘገቡ ነው።

«ተራ ሃያ ሁለት» አለች ኸይሪያ ለሁሉም። «አሁን እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን አዲስ የይለፍ ቃል ታስገባላችሁ። ለማንም አይነገርም፤ ለኔም።»

«ቢረሱትስ?» አሉ ጋሽ ከፈለኝ።

«ከረሳሁ እንደገና እጭነዋለሁ» አሉ እትዬ ተሾመች ቀና ሳይሉ። «መንገዱን አውቀው የለም እንዴ?»

ኸይሪያ ቅጹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ የመጨረሻውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችና ለጋሽ ከፈለኝ መለሰችላቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከኋላዋ ሁለት ጣቶች ቀስ እያሉ ኪቦርዱን ሲመቱ ይሰማታል፤ ስንት ፊደል እንደሆነ ላለመቁጠር ሌላ ነገር ማሰብ ጀመረች።