የፍሊን ካልሲ

ከወንዶቹ የኳስ ቡድን አራቱ ምለው ነበር። ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን ለሚወዱ ልጆች ድጋፋችንን ለማሳየት ቅዳሜ የቀስተ ደመና ካልሲ አድርገን እንገባለን፣ ያበደ ይበድ አሉ። ኔትቦል የሚባለውን የሴቶች ኳስ የምንጫወተው እኛ ልጆችም ጠዋት ጸጉራችንን በዚያው ቀለም ሪባን አስረን ተጫወትን። አንዳንዱ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። ሴት ልጅ ላይ ሲሆን እንደ ጌጥ ያልፋል፤ የወንዶቹ ግን ሌላ ነው።

ከሰዓት ወንዶቹ ሲገቡ ቀስተ ደመናው በአንድ ሰው እግር ላይ ብቻ ነበር፤ በወንድሜ በፍሊን። ሦስቱ ጉዶች መልበሻ ክፍል ውስጥ አውልቀውታል። ፈሪ ሁላ!

ፍሊን ወንዶችን እንደሚወድ የነገረው ለእኔና ለአባዬ ብቻ ነው። አባዬ ያን ቀን "እሺ" ብሎ በጎቹን ሊያይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዝናብና ስለ ስንዴው ካልሆነ በቀር ከልጁ ጋር አላወራም።

እንደ ሁልጊዜው ፒክአፓችንን አፍንጫዋን ከሜዳው አጥር አስጠግተን ቆመናል። በግራም በቀኝም የገበሬው ሁሉ መኪና ተደርድሯል። በዚህ ብርድ የኛ ሰው ከመኪናው አይወርድም፤ ልጆቻችን ጎል ሲያገቡ ክላክሱን ያስጮኻል፣ ጭብጨባችን እሱ ነው።

ጎረቤታችን ክላይቭ ብቻ ወርዶ መጣና በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

"ስማ እንጂ፣ ልጅህ የእህቱን ቁም ሳጥን ነው እንዴ የበረበረው?"

"ልጆች ናቸው ባክህ፣ ተዋቸው" አለ አባዬ። ሳቀም። ያ ሳቁ ደሜን አፈላው።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍሊን ኳሷን ከሁለት ሰው መሃል መንጭቆ ከሩቅ ለጋት። ጎል! የኔትቦል ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ጮኹ። መኪኖቹ ግን ጭጭ አሉ። አንድ እንኳን አልጮኸም። ፍሊን እጁን እንዳነሳ ወደ እኛ ዞረ።

እጄን ወደ መሪው ሰደድኩ። አባዬ አፈፍ አድርጎ ያዘኝ።

"ተይ ታምሲን። ብቻዬን ካስጮህኩ ሁሉም ያውቃል።"

"ካላስጮህክ ደግሞ እሱ ያውቃል።"

እጄን አልለቀቀም። ልጁን እንደሚወደው አውቃለሁ፤ የበለጠ የከፋኝም ለዚሁ ነው። ፍሊን እጁን አውርዶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ የክላይቭ ልጅ አገባ፤ ካልሲያቸውን ካወለቁት አንዱ ነው። ዙሪያው በክላክስ ቀለጠ። አባዬም እፎይ እንዳለ ሰው ረጅም አድርጎ አስጮኸ። የኛ ፒክአፕ ድምፅ ሻካራ ነው፣ ከመኪናው ሁሉ መሃል ይለያል። ፍሊን ሜዳው መሃል ቆሞ ሰማው።