የጃኬቱ ግራ ጎን

«ማን ነው ይሄን የነካው?» ሊና ጃኬቱን ከመስቀያው ላይ መንጭቃ አወረደችው።

የትምወርቅ እግሯን ከማሽኑ ፔዳል ላይ ሳታነሳ፣ «እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ እዚህ?» አለች። የጠበቀችው ምስጋና ነበር። ልጇ ኮሌጅ እስክትሄድ ጠብቃ፣ ደንበኛ ከሮቢንስዴል ከተማ ያመጣችላትን የሚዜ ቀሚስ እንኳ ወደ ጎን ትታ ጠዋቱን ሙሉ የለፋችበት ጃኬት ነው። ግራ ጎኑን ጨርሳ ወደ ቀኙ ልትዞር ስትል ልጅቷ ደረሰች።

እውነቱን ለመናገር ጃኬቱ ለዓይን ያስጠላ ነበር። ስፌቱ በውጭ፣ ጠርዙ ሁሉ የተንጨባረረ፣ እጅጌዎቹ በሰፋፊ የእጅ ስፌት ብቻ የተያዙ። የትምወርቅ ሴንት ፖል ከተማ፣ ፍሮግታውን ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፍታ የሰው ልብስ ማስተካከል ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ክር የተንጠለጠለበት ልብስ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ልጅቷ ፈተና በዝቶባት ሳትጨርሰው የቀረች መሰላት። ስለዚህ የግራ ጎኑን ስፌት ወደ ውስጥ መለሰች፣ ጠርዙን በኦቨርሎክ ማሽን ዘመዘመች፣ ተኩሳም ሰቀለችው።

«ማም፣ ያለቀ ጃኬት ነበር» አለች ሊና። «እንደዛ አድርጌ ነው የሠራሁት። ኦን ፐርፐስ።»

«ሆን ብለሽ?»

«አዎ። ዛሬ ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ወደ አንትወርፕ ሺፕ ማድረግ አለብኝ።»

አንትወርፕ። የትምወርቅ ይህን ስም ጠዋት ማታ መስማት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቤልጂየም ውስጥ ያለ ከተማ ነው። እዚያ ያለ አንድ የፋሽን ትምህርት ቤት ከብዙ መቶ አመልካቾች ጥቂቱን ብቻ የሚቀበለው በገዛ እጃቸው ሠርተው በላኩት አንድ ልብስ ነው።

«እሺ፣ ተርትሬ እንደነበረ አደርገዋለሁ።»

«አይሆንም። ኦቨርሎኩ ቆርጦታል።»

የትምወርቅ ወደ ኦቨርሎኩ ማሽን ዞር ብላ አየች። ይህንማ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያ ማሽን እየሰፋ ጠርዙን ይከረክማል። ልጅቷ አንድ ወር ሙሉ በመርፌ እየመዘዘች ያንጨባረረችው ክር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገብቷል። ጥፋቷን ማመን ግን ሞቷ ነው።

«ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው ያላለቀ ልብስ የሚወድ?» ብላ ጮኸች።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ኢብሲቱ ገባች። ብሩክሊን ፓርክ የምትኖር ነርስ ናት፤ እንዲያጥርላት የሰጠችውን የሥራ ሱሪ ልትወስድ ነው የመጣችው። ጃኬቱን አገላብጣ አየችው።

«ይሄኛው ጎን ያምራል። ያኛውን ለነገ ልትጨርሺው ነው?»

የትምወርቅ ሱሪውን አንስታ ዘረጋችላት። ሱሪዋን ተቀብላ ቶሎ ወጣች።

ሊና ስልኳን አውጥታ እናቷ ፊት ደቀነችው። «ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡት ዲዛይነሮች እንዴት እንደጀመሩ ስንቴ ልንገርሽ? ስድስት ጓደኛሞች ሲመረቁ ከአገራቸው ውጭ ማንም አያውቃቸውም ነበር። መኪና ሬንት አድርገው ልብሳቸውን ጭነው ለንደን ሄዱ፣ ከዛ ዓለም አወቃቸው። ከእነሱ ውጭ ደግሞ አንዱ ፓሪስ ሌላ ዲዛይነር ጋ አሲስታንት ሆኖ ሠራ፣ ከዛ የራሱን ከፈተ። ስፌት በውጭ፣ ጠርዙ ሳይዘመዘም እንዳለ። ልብሱ ላይ ስሙን እንኳ አልጻፈም፤ በስሙ ቦታ ባዶ ነጭ ጨርቅ ብቻ ሰፋበት።»

«ስም ያለው ሰው ነዋ ስሙን የሚተወው። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ስሜ የሌለበት ልብስ ስሰፋ ማን ጉድ አለ?»

«አንዱ ደግሞ አያቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሙያው የመጣው ከቤተሰብ ነው።»

«አያትየው ማን ይባላሉ?»

ሊና ስልኩን ወደ ላይም ወደ ታችም ገፋች። «አይልም።»

«አይልማ» አለች የትምወርቅ።

ሊና ጃኬቱን ሰው ለሚያህለው የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት አለበሰችውና ራቅ ብላ ቆመች። ቀኙ የተንጨባረረ፣ ግራው እንደ ሙሽራ የተሰናዳ። ዓይኗ ከንዴት እንደቀላ ነው፤ ግን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አትንኪው» አለች በመጨረሻ። «እንዲሁ እልከዋለሁ። እንዲያውም ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ይሻላል።»

ላፕቶፑን ከፍታ ማመልከቻው ላይ የረዳ ሰው ካለ የሚጻፍበት ቦታ ላይ መታ መታ አደረገችና አነበበችላት፤ «ግራውን ጎን እናቴ ረድታኛለች።»

የትምወርቅ ደሟ የፈላው ገና አሁን ነው። ከደቂቃዎች በፊት ጥፋት የተባለው ሥራዋ አሁን ግማሽ ጃኬት ሆኗል፤ እሷ ግን አሁንም የቤት ውስጥ ረዳት ናት።

«አጥፊው። የትምወርቅ ዋለ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሴንት ፖል ብለሽ ጻፊ።»

«ማም፣ ባለሙያ ያሠራሁ ነው የሚመስላቸው። ሪጀክት ሊያደርጉኝ ይችላሉ።»

«ባለሙያ አይደለሁም?»

«አይደለሽም አላልኩም እኮ።»

የትምወርቅ የጃኬቱን ግራ እጅጌ ያዘች። «እንግዲያው ከዚህ ሱቅ አይወጣም። ከጣሉሽም ስሜን ይዘሽ ውደቂ።»

ሊና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ከዚያ እናቷን። ቀስ እያለች «እናቴ» የሚለውን አጠፋችና በቦታው ሙሉ ስሟን፣ ሙያዋንና ከተማዋን ጻፈች። የትምወርቅ ከኋላዋ ቆማ አንድ አንድ ፊደሉን ተከታተለች። ልጅቷ «ላክ» የሚለውን እስክትጫን ድረስ እጅጌውን አልለቀቀችም።